የማዘጋጃ ቤቱ ባንድ መሪ

ስለ ዘመናዊ የኢትዮጵያ ሙዚቃ ወሬ ሲነሣ ቶሎ ብሎ ወደ አዲስ አበባው ውቤ በረሃ ይወርዳል። መሸታ ቤቱ፣ ጭፈራው፣ እስኪነጋ የማይዘጋው በር ይተረካል። ሐሰት ነው አልልም። ነገር ግን ከዘፋኙ ጀርባ የተሰለፉት ትራምፔቶችና ሳክስፎኖች ከየት መጡ ብሎ ለሚጠይቅ፣ መልሱ ያለው መሸታ ቤት ሳይሆን የመንግሥት ደመወዝ መክፈያ መዝገብ ላይ ነው። አራዳ ላይ የማዘጋጃ ቤቱን ባንድ ይመራ የነበረውም ነርሲስ ናልባንዲያን የሚባል አርመን ነው።

መነሻው ከእሱ ይቀድማል። ከዓድዋ ድል በኋላ የሩስያው ንጉሠ ነገሥት ለዳግማዊ ምኒልክ የናስ መሣሪያዎች ልከው ነበር፤ እምቢልታና መለከት የለመደው የከተማው ጆሮ ማርሽ መስማት የጀመረው ያኔ ነው። በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ወደ አውሮጳ ሲጓዙ ኢየሩሳሌም ላይ ከአርመኖች እልቂት የተረፉ ወላጅ አልባ ልጆች በባንድ ሲጫወቱ አዩ። ወደዷቸውም፤ ከአርመን ፓትርያርክ ጋር ተዋውለው አስመጧቸው። ልጆቹ አዲስ አበባ የደረሱት ዘመን ሊለወጥ ጥቂት ቀን ሲቀረው ነው። ቁጥራቸው አርባ ስለነበር መጠሪያቸውም «አርባ ልጆች» ሆኖ ቀረ።

መሪያቸው የአይንታቡ ተወላጅ ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበር። የዮፍታሔ ንጉሤን ግጥም በዜማ ያዋቀረውና ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብለው በነገሡበት የዘውድ በዓል የተሰማው ብሔራዊ መዝሙር የእሱ ሥራ ነው፤ ዘውዱ እስኪወርድም አልተቀየረም። አገሩን በግፍ ያጣ ሰው ለሌላ አገር መዝሙር ሲሠራ ምን ይሰማው ኖሮ ይሆን? ይህን ሳልጠይቅ ማለፍ አልችልም።

ነርሲስ የኬቮርክ የወንድም ልጅ ነው። በ1915 እ.ኤ.አ. እዚያው አይንታብ ተወለደ፤ ሶርያ፣ ሐላብ አደገ፤ አዲስ አበባ የገባው በጣሊያን ወረራ ጊዜ ነው። ከነጻነት በኋላ የማዘጋጃ ቤቱን ባንድ ከአጎቱ ተረከበ። ያን ጊዜ የግል ባንድ የሚባል አልነበረም ማለት ይቻላል። ክብር ዘበኛ የራሱ ነበረው፤ ጦር ሠራዊትም፣ ፖሊስም እንደዚሁ። ሙዚቀኛው ደመወዝተኛ ነው፤ ቀን ለሰልፍ ማርሽ ይነፋል፤ ማታ ደግሞ ለግብዣ ዋልስ፣ ታንጎ፣ ማምቦና የአሜሪካኖቹን የስዊንግ ጃዝ ይጫወታል። ትልቅ ባንድ፣ ትራምፔቱም ሳክስፎኑም በየረድፉ የተደረደረበት፣ በመንግሥት በጀት እንጂ በመሸታ ቤት ገቢ የሚቆም ነገር አልነበረም።

የነርሲስ ዋና ችግር ግን ገንዘብ ሳይሆን ቅኝት ነበር። የአምባሰልን ቅኝት ፒያኖ ላይ ፈልጉት፦ ከ«ዶ» ከተነሣችሁ ዝቅ ያለ «ሬ»፣ «ፋ»፣ «ሶል»፣ ዝቅ ያለ «ላ» ታገኛላችሁ። «ሚ» የለችም፤ ከፍ ብላም ዝቅ ብላም የለችም። የፈረንጅ ኅብረ ድምፅ ደግሞ መነሻው ድምፅ ላይ የሚደላደለው በ«ሚ» ነው። አንቺ ሆዬ ይብሳል፤ «ሚ»ም የለውም፣ «ሶል»ም ዝቅ ትላለች። አንድ መሲንቆ መቺ ብቻውን ሲሆን ይህ ችግር አይደለም፤ ጣቱን አንሸራትቶ ያልፈዋል። ትራምፔቶች፣ ትሮምቦኖችና ሳክስፎኖች አንድ ላይ ሲነፉ ግን እያንዳንዱ ምን ድምፅ እንደሚይዝ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ መወሰን አለበት። የአውሮጳውን ኅብረ ድምፅ በግድ ቢጭንበት ዜማው የአገሩን ጠረን ያጣል፤ ሁሉም አንድ ዜማ ብቻ ይንፋ ቢል ደግሞ ያን ሁሉ ሰው መቅጠሩ ለምን? ነርሲስ ዕድሜውን የፈጀው በዚህ መካከል መንገድ ሲፈልግ ነው። ለየመሣሪያው የሚሆነውን ድርሻ በየኖታ ወረቀቱ በእጁ ይጽፍ ነበር። እኔ የቢግ ባንድ መሪነቱን የምለካው በዚህ ሥራው ነው፤ ዱላ ይዞ ፊት መቆሙ ትንሹ ክፍል ነው።

ከማዘጋጃ ቤቱ ባንድ የወጣውን ለማወቅ አንድ ስም ይበቃል። ጌታቸው መኩሪያ ገና ልጅ ሳለ እዚያ ገባ። በኋላ ጦረኛ የሚፎክርበትን ሽለላ በሳክስፎን መጫወት ጀመረ፤ የሰማው ሁሉ የአሜሪካ ፍሪ ጃዝ ይመስለዋል፤ ጌታቸው ግን ከዚያ ቀድሞ፣ ከአገሩ ፉከራ ነው ያመጣው።

በ1948 ዓ.ም. የንጉሡ የኢዮቤልዩ በዓል ሲከበር የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ተከፈተ። ነርሲስም ብዙም ሳይቆይ ከአራዳ ቸርችል ጎዳናን ቁልቁል ወርዶ የቴአትር ቤቱን ኦርኬስትራ ያዘ። በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤትም አስተማረ።

ፒያሳ ደግሞ በራሱ መንገድ ሄደ። ዐምሃ እሸቴ የሙዚቃ ሱቁን ከፍቶ፣ ሸክላ ማሳተም የሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ መብት ነው የሚለውን የቆየ ድንጋጌ ደፍሮ በ1969 እ.ኤ.አ. የራሱን ሸክላ አወጣ። ዘፋኙን ዓለማየሁ እሸቴን ያስቀዳው እሱ ነው። በእነዚያ ሸክላዎች ላይ ከሚነፉት ብዙዎቹ በመንግሥት ባንዶች ኖታ ያነበቡ ሰዎች ናቸው፤ ሽፋኑ ላይ ግን የሚታየው የዘፋኙ ፎቶ ነው። ይህ ሁልጊዜም ያናድደኛል።

በ1973 እ.ኤ.አ. ኅዳር ወር ዱክ ኤሊንግተን ከነባንዱ አዲስ አበባ መጥቶ ነበር። ሙላቱ አስታጥቄም አብሯቸው ሠራ፤ ንጉሡም ለኤሊንግተን ኒሻን ሸለሙት። የአሜሪካው ቢግ ባንድ ያረፈው ለትራምፔት ረድፍ መጻፍን ቀድሞ በተማረ ከተማ ነው። ከጥቂት ወራት በኋላ አብዮቱ ፈነዳ፤ የሰዓት እላፊ ታወጀ፤ ማታ መጫወት ቀረ። ነርሲስ በ1977 እ.ኤ.አ. ሲሞት የባንዶቹ ዘመን እያለቀ ነበር።

ኖታዎቹ ግን ተረፉ። ከብዙ ዓመት በኋላ የቦስተኑ ሳክስፎን ተጫዋች ረስ ገርሾን ከባንዱ ከኢዘር ኦርኬስትራ ጋር ለኮንሰርት አዲስ አበባ መጣ፤ ከኢትዮጵያ ሙዚቃ ጋር ያለው ግንኙነት እየሰፋ ሲሄድም የነርሲስን ቅንብሮች ወደ መድረክ መለሰ። አሜሪካውያኑ ትራምፔተኞች ያነበቡት ለአዲስ አበባ ተቀጣሪ ሙዚቀኞች የተጻፈውን ድርሻ ነው።