የክሊንች ተራራ ልጆች

በአሜሪካ ቨርጂኒያ ግዛት ደቡብ ምዕራብ ጫፍ፣ የድንጋይ ከሰል በሚወጣባት ተራራማዋ ዲከንሰን አውራጃ፣ አንዲት እናት ልጇን አማረጠችው፤ ወይ አሳማ ወይ ባንጆ። የሁለቱም ዋጋ አምስት አምስት ዶላር ነበር። ራልፍ ስታንሊ ባንጆውን መረጠ። እናቱ ሉሲ ራሷ ደርዳሪ ነበረችና ክሮቹን በጥፍር ጀርባ ወደ ታች እየመቱ፣ አጭሯን አምስተኛ ክር በአውራ ጣት እየነኩ የሚጫወቱበትን የጥንት ስልት አስተማረችው።

ራልፍና ታላቅ ወንድሙ ካርተር ከውትድርና ተመልሰው በ1946 እ.ኤ.አ. «ክሊንች ማውንቴን ቦይስ» (የክሊንች ተራራ ልጆች) የተባለውን ባንድ አቋቋሙ። የብሪስቶል ከተማ ሬዲዮ ድምፃቸውን በየሸለቆው አዳረሰው። ብሉግራስ የተባለው የሙዚቃ ስልት አባት የሚባለው ቢል ሞንሮ፣ ስልቴን ወሰዱብኝ ብሎ ክፉኛ ተቀይሞ ነበር። ኮሎምቢያ ሙዚቃ ቤት ወንድማማቾቹን ሲያስፈርም ሞንሮ ሙዚቃ ቤቱን ጥሎ ወጣ። በኋላ ግን ታረቁ፤ ካርተርም ለጥቂት ጊዜ በሞንሮ ባንድ ውስጥ ዘፈነ።

ካርተር በ1966 በ41 ዓመቱ ሞተ። መሪ ድምፃዊው፣ ግጥም ደራሲውና ከታዳሚው ጋር ተጫዋቹ እሱ ስለነበር፣ ዓይን አፋሩ ራልፍ መቀጠሉን አመነታ። የካንትሪ ሙዚቃ መዲና የሆነችው ናሽቪል በዚያን ዘመን የገጠሩን ዘፈን በኦርኬስትራ እያጀበ ለከተማ ጆሮ ታለሰልስ ነበር።

ራልፍ ግን ወደ ኋላ ሄደ።

ያደገበት የፕሪሚቲቭ ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን የሙዚቃ መሣሪያ አያስገባም፤ መሪው ስንኙን ያወርዳል፣ ምእመኑ ይቀበላል። ራልፍ ይህን የዝማሬ ወግ በአራት ድምፅ ቀምሮ ወደ መድረክ አወጣው። ባንጆው፣ ፊድሉና ማንዶሊኑ ዝም ብለው የሰው ድምፅ ብቻ ይቀር ነበር።

የባንዱ ትልቁ ውለታ ግን ወጣቶችን ማሳደጉ ነው። በ1970 ገደማ፣ በዌስት ቨርጂኒያዋ ፎርት ጌይ፣ ራልፍ ጎማ ፈንድቶበት ዘግይቶ ሲደርስ መድረኩ ላይ ሁለት የኬንታኪ ጎረምሶች የስታንሊ ወንድማማቾችን ዘፈኖች ይጫወቱ ነበር። ድምፃቸው የእሱንና የሟች ወንድሙን ይመስል ነበር። ሪኪ ስካግስና ኪት ዊትሊ ይባላሉ። ባንዱ ውስጥ አስገባቸው፤ ሁለቱም በኋላ የካንትሪ ሙዚቃ ከዋክብት ሆኑ።

የኮይን ወንድማማቾች በ2000 ለወጣው ፊልማቸው «ኦ ዴዝ»ን እንዲዘፍን ሲጠሩት፣ የሙዚቃው አዘጋጅ ቲ ቦን በርኔት በባንጆ እንዲሆን ፈልጎ ነበር። ራልፍ እንደ ቤተ ክርስቲያኑ ወግ ያለ መሣሪያ ልሞክረው አለ። ያ ባዶ ድምፅ በ2002፣ በ75 ዓመቱ፣ ግራሚ አሸለመው።

ራልፍ በ2016 በ89 ዓመቱ አረፈ። ባንዱን በዚያው ስም ይዞ የቀጠለው ልጁ ራልፍ ዳግማዊ ነው።