የጎንደር ፒያሳ፦ የቢሮና የንግድ ሰፈር ሥነ ሕንፃ
እ.ኤ.አ. 1936–1941

በኢጣሊያ ወረራ ዘመን የፍሎረንሱ አርክቴክት ጌራርዶ ቦዚዮ ባወጣው የከተማ ፕላን መሠረት ከፋሲል ግቢ በስተሰሜን የተቆረቆረው ፒያሳ፣ ፖስታ ቤቱን፣ ባንኩንና ሲኒማ ቤቱን በአንድ አካባቢ ያሰባሰበ ሲሆን፣ ሕንፃዎቹ ራሽናሊዝም የሚባለውን፣ ማለትም ጌጥን ትቶ ውበትን ከመጠንና ከአገልግሎት የሚፈልገውን የአሠራር ስልት ይከተላሉ። ቀረብ ብሎ ለተመለከታቸው፣ ከሥር ያልተለሰነው ያገሬው ጥቁር ድንጋይ፣ ከላይ ብጫማው ልስን፣ በየማዕዘኑም ስል ጠርዝ እንዳይኖረው ተደርጎ የተጠጋጋው ግድግዳ ጎልተው ይታያሉ። በ17ኛው መቶ ዘመን የተሠራው የፋሲል ቤተ መንግሥት ክብደቱን የተሸከመው በኖራ በተያያዘ ወፍራም የድንጋይ ግንብ ሲሆን፣ በ2014 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተመረቀውን፣ ከ200 ሜትር በላይ የሚረዝመውን የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት ያቆመው ግን በዋናነት በብረት የተጠናከረ ኮንክሪት ነው፤ ፒያሳ በሁለቱ መካከል ያለውን የሽግግር ዘመን በግልጽ ያሳያል። ፕላኑ የኢጣሊያውያንን ሰፈር ከአገሬው ሰው መኖሪያ ለመለየት የታሰበ የቅኝ ግዛት ሥራ መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም። ከኅዳር 1934 ዓ.ም. ነፃነት በኋላ ግን ጎንደሬዎች ሰፈሩን የራሳቸው የገበያና የመሥሪያ ቤት ማዕከል አድርገውታልና፣ ሕንፃዎቹ እንደ አብያተ መንግሥቱ ሁሉ በጥንቃቄ ሊጠገኑና ሊጠበቁ ይገባል።