ቦንጋ ያልተሰቀለችበት ግድግዳ

ባለፈው ክረምት አዲስ አበባ አንድ ሆቴል ደረጃ ላይ በመስተዋት ገብተው የተሰቀሉ የድሮ የፈረንሳይ ሥዕሎች አየሁ። በመዳብ ሰሌዳ ወይም በእንጨት ላይ ተቀርጸው የታተሙ ናቸው፤ ፈረንሳዮቹ ግራቩር ይሏቸዋል። ዓምዱ፣ ቅስቱ፣ የቤተ መንግሥቱ ፊት ለፊት፣ ሁሉም በክር የተለካ ይመስላል። መቼም ያምራሉ፤ አይዋሽም። ግን የከፋ ልጅ ነኝና እዚያው ደረጃው ላይ ቆሜ፣ የኛ ቤትስ የት ተሰቀለ? አልኩ።

ነገሩ ቅናት እንዳይመስላችሁ። ከነዚያ ሥዕሎች ዓለም የመጣ ሰው ቦንጋ ድረስ ገብቶ ነበር። አንቷን ዳባዲ ይባላል። ከወንድሙ ከአርኖ ጋር እ.ኤ.አ. በ1838 ምጽዋ ወረደ፤ በ1843 ደግሞ የእናርያው ንጉሥ አባ ባጊቦ የከፋውን ንጉሥ እኅት ሊያገባ ሙሽራ አምጪ ሲልክ፣ ከሚዜዎቹ ጋር ተቀላቅሎ ከፋ ገባ። ቦንጋ የቆየው አሥራ አንድ ቀን ያህል ነው። ሙያው መለካት ነበር፤ ተራራ ከተራራ፣ ኮከብ ከአድማስ። የቦንጋን ቦታ በካርታ አስቀመጠ፣ የቤቷን መልክ ግን አላስቀመጠም።

አገሩ ሲመለስ ምን አደረገ? ከ200 በላይ የብራና መጻሕፍቶቻችን ዛሬ በፓሪሱ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት በስሙ ተመዝግበው ይገኛሉ። ከዚያም በስፔን ወሰን አጠገብ፣ አንዳይ በምትባል የባሕር ዳር ከተማ፣ ከ1864 እስከ 1879 ድረስ ግንብ አስገነባ። ንድፉን የሠራለት ቪዮሌ ለ ዱክ ነው፤ ሥራውን የመራው ኤድሞን ዱቷ። ግድግዳው ላይ የኢትዮጵያ ኑሮ ተስሏል፣ በኛው ፊደል የተጻፈ ቃልም አለበት። ደረጃው ሥር መብራት የያዘ የኢትዮጵያዊ ወጣት ሐውልት ቆሟል። (መብራት ያዥ መሆኑን ልብ በሉ።)

ይህ ቪዮሌ ለ ዱክ ማለት ከ1854 እስከ 1868 የፈረንሳይን የመካከለኛ ዘመን ሥነ ሕንጻ በአሥር ቅጽ መዝገበ ቃላት ያሳተመ ሰው ነው። መጽሐፉ በእንጨት ቅርጽ ሥዕል የታጨቀ ነው፤ የእያንዳንዱ ድንጋይ አገባብ፣ የእያንዳንዱ ጣራ ማገር ሳይቀር። እንዲህ ያሉ መጻሕፍትን ነጋዴዎች ቅጠል በቅጠል እየገነጠሉ ይሸጣሉ፤ ሰብሳቢ ይገዛል፣ በክፈፍ ይሰቅላል። ብዙዎቹ ሲወለዱ ጥቁርና ነጭ ነበሩ፤ ቀለሙ ገበያ እንዲያደምቅ ኋላ የተቀባ ነው። የመዳቡን ከእንጨቱ መለየት ለፈለገ፣ የመዳቡ ሰሌዳ ወረቀቱን ተጭኖ ዙሪያውን ጠርዝ ይተዋል፤ በጣት ይታወቃል። ይህ መጽሔት በስቴንስል የሚባዛ ስለሆነ ምስሉን ላሳያችሁ አልችልም፣ እመኑኝ።

የሰሜኑ አገራችንም ቢሆን ድርሻ አላጣም። የቴዎፊል ለፌቭር ቡድን ከ1839 እስከ 1843 ተዘዋውሮ፣ ሁለቱ ሐኪሞች መንገድ ላይ ሞተውበት (አንዱን አባይ ላይ አዞ ነው የወሰደው) ስድስት ቅጽና አንድ የሥዕል አልበም አሳተመ። በኋላም ከ1860 ጀምሮ ለ ቱር ዱ ሞንድ የተባለው መጽሔት የተጓዦችን ንድፍ እያስቀረጸ ያወጣ ነበር። ቀራጩ ፓሪስ ቁጭ ብሎ ነው የሚቀርጸው፤ አገሩን አይቶት አያውቅም። ስለዚህ በነዚያ ሥዕሎች ላይ የሐበሻ ጎጆ አንዳንዴ የኖርማንዲ የድርቆሽ ክምር ይመስላል።

እና ቦንጋ? የከፋ ነገሥታት ቤት ከእንጨት፣ ከቀርከሃና ከሣር ነበር። ድንጋይ ፈራርሶም ሠዓሊ ይጠብቃል፤ ቀርከሃ አይጠብቅም። በ1897 የራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾን ማርኮ የከፋ መንግሥት ሲያከትም አንድራቻ ያለው ቤተ መንግሥት ተቃጠለ። በዚያው ዓመት ዳባዲ ፈረንሳይ ሞተ፤ ግንቡን ለሳይንስ አካዳሚ አውርሶ ነበርና እስከ ዛሬ ቆሟል። ኦስትሪያዊው ፍሪድሪሽ ቢበር ቦንጋ የደረሰው በ1905 ነው፤ አመዱ ከበረደ ከስምንት ዓመት በኋላ። ሁለት ቅጽ ጻፈ፣ ብዙውን ከሽማግሌዎች አፍ ለቅሞ።

አንዳንድ ጓደኞቼ «የፈረንጁን ሥዕል ከግድግዳ አውርዱ» ይላሉ። እኔ አልስማማም። እንዲያውም የአንዳዩን ግንብ ምስል ቦንጋ ሙዚየም ውስጥ ማየት እፈልጋለሁ። ችግሩ የኛ አገር ዝናብ ነው፤ ወረቀቱ በአንድ ክረምት ቡናማ ነጠብጣብ ያወጣል፣ ሻጋታ ይበላዋል። ከግድግዳው ራቅ ተደርጎ፣ ፀሐይ በማያገኘው በኩል መሰቀል አለበት። ጎኑ ግን የኛ መኖር አለበት፤ እሱ ደግሞ ገና አልተሳለም።

አያቴን ጠይቄአት ነበር። «ቤት ምን ይሳላል፣ ይሠራል እንጂ» አለችኝና ሳቀች። ከዚያ ግን ጭራሮ አንስታ አመዱ ላይ የድሮውን ቤት ምሰሶዎች አንድ በአንድ አስቀመጠችልኝ፤ የትኛው ምሰሶ ሥር ማን እንደሚቀመጥ ጭምር። ወረቀት አልያዝኩም ነበር።

በመጪው ዕረፍት ሜትርና የስዕል ወረቀት ይዤ እሄዳለሁ። የጣራውን አሠራር የሚያውቁ አናጺዎች ዛሬም አሉ፣ ግን አርጅተዋል። ከሥነ ሕንጻ ክፍል መስመር ቀጥ አድርጎ የሚስል ሰው ካለ ይፈልገኝ፤ ማረፊያው እኛ ቤት ነው፣ ቡናው አይጠፋም።