ቅፍለት በቆመበት ቀን

ከጎንደር ተነስቶ በአዘዞ፣ በአይከል፣ በገንዳ ውሃና በኮኪት አድርጎ በሱዳን ድንበር ላይ ያለችው መተማ ዮሐንስ የሚደርሰው መንገድ ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሰላም በሆነ ቀን መኪና በግማሽ ቀን ይጨርሰዋል። የተጫነች አህያ በቀን ከ15 እስከ 20 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች ብንል፣ ሲራራ ነጋዴው ከ10 እስከ 13 ባሉት ቀናት ውስጥ ይደርስ ነበር፤ ደርሶ መልሱም አንድ ወር አይሞላም። ይሁንና በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከጎጃም ባሶ ገበያ ወይም ከአባይ ማዶ ዕቃ ይዘው በጎንደር በኩል ወደዚህ ድንበር የሚወርዱ ነጋዴዎች የበጋውን ወራት አብዛኛውን የሚያሳልፉት በመንገድ ላይ ነበር። ያ ሁሉ ቀን የት ሄደ? ለቀኑስ ማን ከፈለ?

የመተማን ንግድ ታሪክ ብዙዎች የሚተርኩት በቡናው፣ በሰሙና በጥጡ ነው። ነጋዴው ግን ሸቀጡን ከመሸጡ በፊት የሚኖርበት ወር አለው፤ በዚያ ወር ይበላል፣ ያበላል፣ ይከፍላል። ትርፉን ከርቀቱ ይበልጥ የሚጎዳበት የመቆሚያው ቀን ነበር።

ሲራራ ነጋዴ ኑሮውን ጭኖ የሚሄድ ሰው ነው። ድንኳኑ፣ ድስቱ፣ ጀበናው፣ የውሃ ቅሉ፣ ኮርቻውና የጠፍር መጫኛው ከሸቀጡ ጋር አብረው ይጓዛሉ። ስንቁ በአቁማዳና በስልቻ ይቋጠራል፦ በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ድርቆሽ፣ በርበሬ፣ ጨው፣ አቅም ላለው ደግሞ ቋንጣ። ከሁሉም በሶ ይመረጣል። ማገዶ አይጠይቅም፤ በውሃ ይበጠበጣል ወይም በጨው ይለወሳል፤ የጦመ ክርስቲያንም ሙስሊምም እኩል ይካፈለዋል። ሥጋ ሲሆን ነገሩ ይለያል። በቅፍለቱ፣ ማለትም አብሮ በሚጓዘው የነጋዴዎች ጓድ ውስጥ የሁለቱ ሃይማኖት ሰዎች አብረው ካሉ እርዱም ሁለት ይሆናል፤ አንድ ፍየል የሚበቃቸው ሰዎች ሁለት ፍየል ይገዛሉ ማለት ነው።

ሒሳቡን በምሳሌ እንየው። ዐሥር ሰው ያለበት ቅፍለት እያንዳንዱ በቀን ግማሽ ኪሎ በሶ ቢበላ፣ በወር 150 ኪሎ ያልቃል። አንዲት አህያ 50 ኪሎ ትጭናለች ካልን፣ ሦስት አህዮች ሸቀጥ ሳይሆን ቀለብ ብቻ ይሸከማሉ። ጉዞው ዐሥር ቀን ከዘገየ ደግሞ ሌላ አንድ የአህያ ጭነት ያስፈልጋል። ስንቁ ከቤት ካልመጣ ከመንገድ ይገዛል፤ በመንገድ ዳር ያለው ገበሬም የተራበ ቅፍለት ሲያይ ዋጋውን ያውቅበታል። በዚህ ላይ የአሽከሩ ደሞዝ፣ የተበጠሰ መጫኛ፣ ጀርባዋ የቆሰለች በቅሎ፣ መንገድ ላይ የቀረች አህያ አለች። ፊደል የቆጠረው ነጋዴ በጽሑፍ፣ ያልቆጠረው በቃሉ ይይዘዋል፤ ሁለቱም ግን ማታ ማታ የወጣውን ካልደመሩ ነገ በምን ዋጋ እንደሚሸጡ አያውቁም።

መኖው እንኳ በነጻ የሚገኘው በጊዜው ብቻ ነው። ከክረምት ማግስት በቆላው ሰው የሚውጥ ሣር ይበቅላል፤ በጋው ሲገፋ ሣሩ ይደርቃል፣ ይቃጠላል። ኅዳር ላይ የወረደ ቅፍለት እንስሳቱን በመንገድ ዳር እያስጋጠ ያልፋል። የካቲት ላይ የወረደው የሚያገኘው የተቃጠለ መሬትና የራቀ ውሃ ነው።

ከዚያ ኬላው ይመጣል። በጎንደር ዘመን የንግድ ቀረጥ ነገር ነገሥታቱን ሲያሳስብ ኖሯል፤ አድያም ሰገድ ኢያሱ በ1698 እ.ኤ.አ. ግብርና ቀረጥ ላይ ያደረጉት ማሻሻያ ንግዱን አበረታቷል ተብሎ ይጠቀሳል። ማዕከላዊው ሥልጣን በዘመነ መሳፍንት ሲዳከም ግን በየአምባውና በየመሻገሪያው ያለ ሹም የራሱን ድርሻ ይጠይቅ ጀመር። በ1840ዎቹ እ.ኤ.አ. አገሪቱን የዞረው፣ ኋላም የእንግሊዝ ቆንስል የሆነው ዋልተር ፕላውደን ስለ ነጋዴዎች ጉዞና ስለ ኬላ በሰፊው ጽፏል። ቀረጡ ብዙውን ጊዜ ድርድር ነበር። የነጋዴዎቹ አለቃ ነጋድራሱ ከኬላ ጠባቂው ጋር ይነጋገራል፣ እጅ መንሻ ይላካል፣ አነሰ ተብሎ ይመለሳል፣ እንደገና ይላካል። ይህ ሁሉ ሲሆን ዕቃው መሬት ላይ ነው፤ ሰውና እንስሳ ግን ይበላል። ኬላ ጠባቂውም ይህን አሳምሮ ያውቃል። ነጋዴው በቆየ ቁጥር ስንቁ ስለሚያልቅ፣ ዞሮ ዞሮ የተጠየቀውን መክፈል ይረክሰዋል።

ይህን ሸክም በብዛት የተሸከሙት የጎንደር ሙስሊም ነጋዴዎች ናቸው። በአጤ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን በ1668 እ.ኤ.አ. በተላለፈው ውሳኔ ሙስሊሞች ከክርስቲያኑ ተለይተው እንዲሰፍሩ ተደረገ፤ እስላም ቤት ይባል የነበረውና ኋላ አዲስ ዓለም የተባለው ሰፈር የሩቅ ንግድ ሰዎች መኖሪያ ሆነ። ርስት መሬት የማግኘት መብታቸው ጠባብ ስለነበረ ኑሯቸው በንግድ ላይ ቆመ። ወደ መተማ፣ ወደ ምጽዋና ወደ ባሶ በሚሄዱት መስመሮች ላይ ስማቸው አይጠፋም።

ቆላው የራሱን ቀን ይቆርጣል። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ከጎንደር ወጥቶ ወደ ሴናር ሲሄድ፣ በ1772 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ላይ በዚሁ አካባቢ በራስ ኤል ፊል ተቅማጥ ይዞት ከሁለት ወር በላይ ተኛ። አገሬው የቆላ ንዳድ የሚለው ወባ ደግሞ ደገኛውን በተለይ ይጎዳዋል። ሰኔ ሲገባ ጓንግና ሽንፋ ይሞላሉ፣ መረሬው አፈር የከብት እግር ይይዛል። በ1860ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ አካባቢውን ያየው ሳሙኤል ቤከር፣ በዝናቡ ወራት የሚነሳው ተናካሽ ዝንብ ዘላኖቹን ግመሎቻቸውን ይዘው ወደ ሰሜን እንዲሸሹ ያስገድዳቸው እንደነበር ጽፏል። እናም ግንቦት ሳያልቅ ያልተመለሰ ነጋዴ በማያውቀው አገር ይከርማል፤ የሦስት ወር ቤት ኪራይ፣ የሦስት ወር ቀለብ ከትርፉ ላይ ይነሳል።

መተማ የቅፍለቶች መለዋወጫ ነበረች። ደጋውን በበቅሎና በአህያ የወረደው ጭነት እዚህ ይራገፍና በግመል ጀርባ ወደ ሱዳን ይቀጥላል፤ ግመሉ ዳገቱን፣ በቅሎዋ በረሃውን አይችሉትም። ቡና፣ ሰም፣ ማር፣ ቆዳና ከብት ከዚህ ወደዚያ፣ ጨርቅና ብር ከዚያ ወደዚህ ይሻገራሉ። ገበያውን ይገዙ የነበሩት ተክሩሮች ናቸው፤ አባቶቻቸው ከዳርፉርና ከዚያ ምዕራብ መጥተው የሰፈሩ ሲሆኑ፣ ጥጥም ያመርቱ ነበር። በ1860ዎቹ እ.ኤ.አ. መሪያቸው ሼክ ጁማ ለኢትዮጵያም ለግብፅ መንግሥትም ይገብሩ ነበር። ለሁለት ጌታ የሚገብር ገበያ ከገበያተኛው መሰብሰቡ አይቀርምና፣ ድርብ ግብሩ መልሶ በሲራራ ነጋዴው ሒሳብ ውስጥ ይገባል።

ገንዘቡም ራሱ ጭነት ነበር። 1780 የሚል ዓመት የታተመበት የማሪያ ቴሬዛ ብር አንዱ 28 ግራም ይመዝናል፤ አንድ ሺህ ብር የያዘ ነጋዴ 28 ኪሎ ብር ተሸክሟል ማለት ነው። እያንዳንዱ ብር ይገላበጣል፣ በእቴጌይቱ ትከሻ ላይ ያለው ጌጥ ፍሬ ይቆጠራል፣ የተፋቀ ወይም የተበሳ ከሆነ ይመለሳል። ለትንሽ ወጪ አሞሌ ጨው አለ። አሞሌ ከአፋር የጨው ሜዳ በራቀ ቁጥር ይወደዳል፤ ዝናብ ካገኘው ይሟሟል፣ በየጉዞው ጠርዙ ይሸራረፋል። ስለዚህ ነጋዴው የዛሬን እራት በአሞሌ፣ የነገን ኬላ በብር ሲከፍል ምንዛሬውን በየገበያው አዲስ ማስላት ነበረበት።

በዚያ ሒሳብ ውስጥ ሰውም ነበር። ታሪክ ጸሐፊው አብዱሰመድ አሕመድ እንዳሳየው፣ ከ1830 እስከ 1885 እ.ኤ.አ. ገደማ መተማ ከምጽዋና ከታጁራ ጋር የኢትዮጵያ ባሪያ ንግድ ዋና መውጫ ነበረች። ከአባይ ማዶ የተነጠቁ ሕጻናትና ወጣቶች በእግራቸው ይህን ቆላ አቋርጠዋል። ነጋዴው ስለ ስንቅ ሲቆጥብ የተራቡት እነሱ ናቸው፤ ቅፍለቱ በቆመ ቁጥር መጀመሪያ የሚቀነሰው የእነሱ ድርሻ ነበር። የመንገዱን ወጪ የሚጽፍ ሰው ከከፈሉት መካከል እነሱን ማስቀደም አለበት።

ወጪ የማያሳስበው መንገደኛም ነበር። አጤ ቴዎድሮስ ያሰሯቸውን አውሮፓውያን ለማስፈታት የተላከው ሆርሙዝድ ራሳም በኅዳር 1865 እ.ኤ.አ. መተማ ደረሰ። ወደ ደጋ ሲወጣ የንጉሡ እንግዳ ስለነበረ ጓዙን የመንገዱ ገበሬዎች ተሸከሙ፣ ቀለቡንም በድርጎ አቀረቡ። በዚያው ዳገት ላይ ነጋዴው ለእያንዳንዱ ቁና እህል ይከፍላል፤ የንጉሥ እንግዳ ያለፈበት ሰፈር ጎተራው ስለሚጎድል ደግሞ ከወትሮው አብልጦ ይከፍላል።

ከ1879 ዓ.ም. በኋላ መስመሩ ራሱ ተዘጋ። የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት መተማን መቱ፤ በጥር 1880 ዓ.ም. ሳር ውሃ ላይ ሲሸነፉ የሱዳን መሐዲስቶች ጎንደር ድረስ ዘልቀው ከተማዋን አቃጠሉ። መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. አጤ ዮሐንስ ራብዓዊ መተማ ላይ ተዋግተው ቆሰሉ፣ በማግስቱም አረፉ። ያ ዘመን ክፉ ቀን ነው። የከብት እልቂቱና ረሃቡ ደጋውን ባዶ አደረገው፤ ነጋዴው የሚገዛው ስንቅም፣ የሚሸጠው ቆዳና ማርም፣ ከእሱ የሚገዛ ሰውም አልነበረም። ሰላሙ ተመልሶ ድንበሩ በግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ውል ሲወሰን፣ ከዚያ ማዶ የእንግሊዝና የግብፅ ጥምር አስተዳደር ነበር፤ ቅፍለቱም ቀስ በቀስ እንደገና መውረድ ጀመረ።

የአገር ውስጡ ኬላ ግን አልተነሳም። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ፣ ከሞቱ በኋላ በ1916 ዓ.ም. በታተመው መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር በተባለው ሥራቸው፣ በአገር ውስጥ በየቦታው የሚከፈለው ቀረጥ ንግዱን እንደሚያቀጭጭ ተከራክረዋል። ነገሩን የሚያውቁት ከመጽሐፍ ብቻ አልነበረም፤ ድሬዳዋ ላይ ነጋድራስ ሆነው በጉምሩክ ሥራ አልፈውበታል።

የጭነት መኪና መምጣት ርቀቱን አሳጠረው። ጣሊያኖች መንገድ ቆረጡ፤ ትሬንታ ኳትሮ የተባለው የፊያት መኪናቸው ከእነሱ በኋላም በአገሪቱ አገለገለ፤ ኋላ ኤን ትሬ ከነተሳቢው መጣ። ጋቢናው የሾፌሩና የረዳቱ ቤት ሆነ። የማታ ሒሳቡ ሲከፈት ዝርዝሩ ነዳጅ፣ ጎሚስታ፣ ምሳና እራት፣ የኮቴ፣ የሚዛን፣ የጥበቃ ነው። በሶውን ሽሮ ተክቶታል፤ በመኪናው ሥር በምትነድደው ትንሽ ምድጃ ላይ ረዳቱ ያበስለዋል። አስፋልቱ ከተሠራ በኋላ ባሉት ዓመታት ሰሊጥ ወደ ወደብና ወደ ኢትዮጵያ ምርት ገበያ መጋዘን፣ ቤንዚን ከሱዳን ወደ መሀል አገር ሲመላለስበት ሾፌሩ የሚኖረው በሚሽከረከርበት ቀን ሳይሆን ወረፋ በሚጠብቅበት ቀን ነበር። አበሉ የሚሰላው በጉዞው ነው፤ ሆዱ ግን በቀኑ።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ጦርነት ሲፈነዳ ይህ ልዩነት ገሃድ ወጣ። ስደተኞች በሺህዎች እየሆኑ በመተማ ገቡ፤ ንግዱ ተቆራረጠ፣ መተላለፊያው የተዘጋባቸው ቀናትም ነበሩ። በእነዚያ ቀናት ርቀቱ አልተለወጠም፣ የዕቃው ዋጋም ማዶ ላይ ምናልባት ጨምሯል። የቆመው መኪና ግን የባንክ ዕዳ፣ የሾፌር ቀለብና የሚበላሽ ጭነት ይዞ ቆሟል። ሰሊጥ ለማረምና ለማጨድ ከደጋ የሚወርደው የቀን ሠራተኛም ያው ነው፤ ሥራ እስኪያገኝ የሚያርፍበትና የሚበላበት ገንዘብ ከደመወዙ በፊት ያልቃል፣ የቀረውም በዱቤ ይያዛል።

ስለዚህ ስለ መተማ ንግድ ሲታቀድ የአስፋልቱ ርዝመትና የቀረጡ መጠን ብቻ መቆጠሩ አይበቃም። አንድ ባለ ተሳቢ ከጎንደር ተጭኖ ከድንበሩ ማዶ ባለችው የሱዳኗ ገላባት እስኪራገፍ ስንት ቀን እንደሚሄድ፣ ስንት ቀን እንደሚቆም፣ ለቆመበት ቀንም ሾፌሩ፣ ረዳቱና ባለንብረቱ እያንዳንዳቸው ምን ያህል እንደሚያወጡ በየወሩ ተመዝግቦ ሊታወቅ ይገባል። ምዝገባው ብዙ ወጪ የሚጠይቅ ሥራ አይደለም፤ ጥሬ ነገሩ በየጋቢናው ዳሽቦርድ ላይ ባሉት ትንንሽ ደብተሮች ውስጥ ተጽፎ ይገኛል።