ከፊደል ገበታ እስከ ታብሌት፦ የሕፃናት የንባብ መሠረትና የማስተማሪያ መሣሪያ ታሪክ

መግቢያ

የትምህርት መሣሪያ ሲባል በአሁኑ ጊዜ ብዙዎቻችን የምናስበው በኤሌክትሪክ ኃይል የሚሠራውን ነው። ይሁን እንጂ ሕፃናትን ንባብ ለማስተማር የተዘጋጀ መሣሪያ በአገራችን ረጅም ዕድሜ አለው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ከፊደል ገበታ እስከ ታብሌት ያለውን ታሪክ ባጭሩ በመቃኘት፣ መሣሪያው መቼ ለሕፃኑ እንደ ጠቀመና መቼ ሳይደርሰው እንደ ቀረ ማመልከት ነው። ጉዳዩ የጥንት ትዝታ ብቻ አይደለም። በ2002 ዓ.ም. በመጀመሪያ ክፍሎች ላይ በተካሄደው የንባብ ምዘና፣ ከተፈተኑት የሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች መካከል ከሦስቱ አንዱ ያህል አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም ነበር። ሁለት ዓመት ያህል ትምህርት ቤት የተመላለሰ ልጅ ለምን ወደዚህ ደረጃ ይደርሳል?

ሀ. ገበታው፣ አቡጊዳውና ሉሑ

በቄስ ትምህርት ቤት ሕፃኑ ከየኔታው ወይም ከእርሱ ቀድሞ ከገባ ተማሪ ፊት ተቀምጦ፣ በገበታው ላይ የሰፈሩትን ፊደላት በስንደዶ እየጠቆመ ይጠራል። ፊደላቱ 33 ሲሆኑ እያንዳንዱ ሰባት ድምፅ ስላለው ልጁ የሚለየው 231 ቅርጽ ነው። «ሀ ሁ»ን የጨረሰ ልጅ ግን ወዲያው ወደ ንባብ አይሻገርም፤ አቡጊዳ ይጠብቀዋል። በአቡጊዳ የፊደላቱ ተራ ይለወጣል፤ ድምፁም ከግዕዝ ወደ ካዕብ፣ ከካዕብ ወደ ሣልስ እየተሸጋገረ «አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ» ይላል። ከዚህም በኋላ መልእክተ ዮሐንስን በቁጥር፣ በግዕዝ፣ በውርድ ንባብና በቁም ንባብ ደረጃ በደረጃ ይወጣና ወደ ዳዊት ይሸጋገራል።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ የአቡጊዳን ጥቅም የተረዳው ዘግይቶ ነው። ጀማሪ መምህር ሳለ በአንድ የገጠር ትምህርት ቤት አንደኛ ክፍል ያስተምር ነበር። ልጆቹ ገበታውን ከዳር እስከ ዳር በዜማ ሲያወርዱት ትምህርቱ የገባቸው ይመስለው ነበር። ዓመቱ ሊያልቅ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት «ተ»ን ለብቻዋ በሰሌዳ ላይ ጽፎ አንዲት ልጅ ጠየቀ። ልጅቱ ዝም አለች፤ ከዚያም ከ«ሀ» ጀምራ በለሆሳስ እያዜመች መጥታ «ተ» ላይ ስትደርስ መለሰች። ዜማውን እንጂ ፊደሉን አታውቅም ነበር። ከስድሳ በላይ ተማሪዎች በነበሩበት በዚያ ክፍል ስንቶቹ እንደ እርስዋ እንደ ነበሩ መምህሩ ሳያጣራ ትምህርት ቤቱ ተዘጋ። የቄስ ትምህርት ቤት ይህን ችግር ቀድሞ አውቆ፣ ተራውን በማፍረስ ልጁን የሚፈትንበት ሁለተኛ ገበታ ነበረው።

በቁርዓን ትምህርት ቤትም ሉሕ ተመሳሳይ አገልግሎት ይሰጣል። ልጁ ትምህርቱን በእንጨት ሰሌዳው ላይ በቀለም ይጽፋል፤ ሲያውቀው አጥቦ ሌላ ይጽፍበታል። በሁለቱም ዘንድ መሣሪያው በልጁ እጅ ነው፤ የሚሄደውም በልጁ ፍጥነት ነው፤ መምህሩም ልጁን ለብቻው ያዳምጠዋል።

ሆኖም ይህን ሥርዓት ያለ ልክ ማሞገስ አይገባም። ልጁ የሚያነበው በቤቱ በማይነገር ቋንቋ ስለ ነበር ድምፁን እንጂ ፍቺውን አያገኝም። አለንጋው የተለመደ ነበር፤ የሴቶች ልጆች ቁጥርም አነስተኛ ነበር።

ለ. ዘመናዊው መሣሪያና የሕፃናቱ ድርሻ

የመጀመሪያው ዘመናዊ መዋዕለ ሕፃናት በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ በድሬዳዋ ለፈረንሳውያን የምድር ባቡር ሠራተኞች ልጆች እንደ ተከፈተ ይነገራል። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ በከተማ ቀበሌዎች የሚተዳደሩ መዋዕለ ሕፃናት ተስፋፉ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ከ4 እስከ 6 ዓመት ላሉት ሕፃናት የቅድመ መደበኛ ትምህርትን ዓላማ ቢወስንም፣ ሥራው በአብዛኛው ለግል ባለሀብቶች፣ ለሃይማኖት ተቋማትና ለማኅበረሰብ ስለ ተተወ ከከተሞች ብዙም ርቆ አልሄደም።

ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ብዙም ሳይቆይ ለትምህርት አገልግሎት ዋለ። ሬዲዮም ወደ አንደኛ ደረጃ ክፍሎች ዘልቆ መግባቱ ሊመሰገን ይገባል። ከሁሉም የበለጠ ወጪ የጠየቀው የፕላዝማ ትምህርት ግን በ1990ዎቹ አጋማሽ የተዘረጋው በሁለተኛ ደረጃ ነው። ትምህርቱ በሳተላይት፣ በእንግሊዝኛ ቋንቋ፣ ለሁሉም በአንድ ፍጥነት ይተላለፍ ነበር፤ ያልገባው ተማሪ ሊያስቆመው አይችልም፤ ለመምህሩ የቀረለትም በመግቢያና በመደምደሚያ ላይ ያለው ጥቂት ደቂቃ ነበር። በመሆኑም ንባብ ሳይጸናለት ከታች የመጣው ልጅ በደረጃው አናት ላይ ውድ መሣሪያ ጠበቀው።

በአንጻሩ በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ዋና መሣሪያዎቹ ጠመኔ፣ ሰሌዳና የፊደል መጽሐፍ ነበሩ። ዘመቻው ያተኮረው በጎልማሶች ላይ ቢሆንም፣ እየሰፋ ሄዶ በ15 ቋንቋዎች መሰጠቱ ንባብ ከሚታወቅ ቋንቋ መነሣት እንዳለበት አሳይቷል።

በ2004 ዓ.ም. አንድ ዓለም አቀፍ ድርጅት በወንጪና በወለንጪቲ አካባቢ በሚገኙ ሁለት መንደሮች ትምህርት ቤት ላልገቡ 40 ያህል ሕፃናት በፀሐይ ኃይል የሚሞሉ ታብሌቶችን ያለ መምህር አደለ። ልጆቹ መሣሪያውን ለመክፈትና ለመጠቀም ጊዜ አልፈጀባቸውም፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ የእንግሊዝኛውን ፊደል ያዜሙ ጀመር። ውሎ አድሮም ፊደላትን የለዩና ጥቂት ቃላትን ያወቁ ልጆች እንደ ነበሩ ተዘግቧል። ይህ የሕፃናትን የመመራመር ችሎታ የሚመሰክር ነው። ነገር ግን በቤት በማይነገር ቋንቋ ፊደል ማዜም፣ ከላይ ከተነገረችው ልጅ እንዳየነው፣ ለንባብ ዋስትና አይሆንም።

ማጠቃለያ

በ2002 ዓ.ም. የወጣው የቅድመ ልጅነት እንክብካቤና ትምህርት የፖሊሲ ማዕቀፍ ኦ ክፍልን በየመንግሥት ትምህርት ቤቱ እንዲስፋፋ አድርጓል፤ በ2015 ዓ.ም. የጸደቀው ፖሊሲም የቅድመ አንደኛ ትምህርትን ሁለት ዓመት አድርጎ በሥርዓቱ ውስጥ አካቶታል። ስለዚህ ዛሬ የምንወስነው ውሳኔ የሚነካው በብዙ ሚሊዮን የሚቆጠሩ ሕፃናትን ነው። ከታሪኩ በመነሣት የሚከተሉትን ማሳሰብ ይቻላል።

1ኛ/ ማንኛውም መሣሪያ ከመገዛቱ በፊት፣ ሕፃኑ በራሱ ፍጥነት እንዲሄድና በአፍ መፍቻ ቋንቋው እንዲያነብ የሚረዳ መሆኑ ይመርመር።

2ኛ/ ለመሣሪያ በጀት ሲያዝ ለኦ ክፍልና ለአንደኛ ክፍል ቅድሚያ ይሰጥ፤ መምህሩም በአጠቃቀሙ ይሠልጥን።

3ኛ/ መምህሩ በየሳምንቱ እያንዳንዱን ልጅ ከተራው ውጪ በተጻፉ ፊደላት ለብቻው ያዳምጥ። ለዚህ ጠመኔና ጥቂት ደቂቃ ይበቃል፤ ክፍሉ ከስድሳ በላይ ተማሪዎች ያሉት ከሆነ ግን ጥቂቱ ደቂቃም አይገኝም። የክፍልን ተማሪ ቁጥር መቀነስ ደግሞ የመምህሩ ሳይሆን የዕቅድ አውጪዎች ኃላፊነት ነው።