ካውያ የማይፈልገው ሸሚዝ የማን ፈጠራ ነው?

ወዳጆቼ፣ ስለ አሜሪካዊቷ ኬሚስት ሩት ቤኔሪቶ ሲጻፍ ብዙ ጊዜ «የማይጨማደድ ጥጥን የፈጠረች ሴት» ትባላለች። እሷ ራሷ ግን ይህን አባባል አትወደውም ነበር። ለምን እንደሆነ ላውጋችሁ።

መጀመሪያ ጥጥ ለምን ይጨማደዳል? ጥጥ ማለት ሴሉሎስ የሚባሉ ረጃጅም የሞለኪውል ሰንሰለቶች ናቸው። እርስ በርስ የሚይዛቸው ደካማ የሃይድሮጂን ትስስር ነው። ውኃ ሲገባ ትስስሩ ይላላል፣ ሰንሰለቶቹም ይንሸራተታሉ። ጨርቁ ተጣጥፎ ሲደርቅ ትስስሩ እዚያው በታጠፈበት እንደ አዲስ ይይዛል። ጭምድዱ ይኸው ነው።

መፍትሔው ሰንሰለቶቹን ውኃ በማይፈታው ድልድይ ማሰር ነው፤ ልክ የመሰላል እርከን ሁለቱን ቋሚዎች እንደሚይዝ። የእንግሊዙ ቱታል ኩባንያ ኬሚስቶች እ.ኤ.አ. በ1926 ከዩሪያና ከፎርማልዲሃይድ በሚሠራ ሙጫ ይህን ለማድረግ የፈጠራ መብት ጠይቀው ነበር። ቤኔሪቶ ያኔ የ10 ዓመት ልጅ ናት!

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ናይለንና ፖሊስተር ገበያውን ሲወርሩት የአሜሪካ ጥጥ ተጨነቀ። ቤኔሪቶ እ.ኤ.አ. በ1953 የተቀጠረችው ይህን ችግር በያዘው፣ በኒው ኦርሊንስ በሚገኘው የአገሪቱ ግብርና ሚኒስቴር ቤተ ሙከራ ነው። ከባልደረቦቿ ጋር የተሻሉ ማያያዣዎችን አገኘች፤ በስሟ 55 የፈጠራ መብቶች ተመዝግበዋል። ሆኖም ብዙ ሰው የደከመበት ሥራ ነው፣ እኔ የጨመርኩት አዲስ ዘዴ ነው ትል ነበር።

ድልድዩ ግን በነፃ አልተገኘም። ሰንሰለቶቹ መንሸራተት ሲያቅታቸው ጨርቁ ጥንካሬው ይቀንሳል፤ አንገትጌና እጅጌው ቶሎ ይበላል። ከሙጫው የሚተነው ፎርማልዲሃይድ ደግሞ ዓይንና ጉሮሮ ያቃጥላል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2004 በሰው ላይ ካንሰር ከሚያመጡት ውስጥ መድቦታል። እዚያው ቤተ ሙከራ ክላርክ ዌልች እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ያለ ፎርማልዲሃይድ፣ የሎሚ አሲድ ዘመድ በሆነ አሲድ ማያያዝ እንደሚቻል አሳየ። ምን ያደርጋል፣ ውድ ሆነ።

እንግዲህ «አይተኮስም» የሚል ሸሚዝ ስትገዙ ከመልበሳችሁ በፊት እጠቡት፤ የቀረው ፎርማልዲሃይድ ይቀንሳል። በልብስ ፋብሪካ የምትሠሩ ተማሪዎቼ ደግሞ እንዲህ ያለ ጨርቅ ሲመጣ በምን እንደታከመ ጠይቁ፣ መስኮትም ክፈቱ። ሸሚዙን የሚለብሰው ሰው አንድ ነው የሚያገኘው፤ የሚሰፋችው ልጅ ግን ቀኑን ሙሉ ክምሩ ሥር ናት።