ስለ ቅኔ ነገራ ሥርዐት

ንባቡን፥ ዳዊቱንና ዜማውን አድርሶ ቅኔ ለመማር ካገሩ የወጣ ተማሪ፥ ደበሎውን ለብሶ፥ አኩፋዳውን አንጠልጥሎ፥ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ከደጅ ወደ ደጅ ሲዞር ቁራሽ የሚለምንበት ደንብ እንደ ነበረው ሁሉ፥ የደረሰውን ቅኔ ይዞ ወደ ጉባኤው ሲመለስም ፍርድና እርማት የሚለምንበት ደንብ ነበረው። የፊተኛውን ልመና ያየ ሁሉ ያወሳዋል፤ ሁለተኛው ግን ከቅኔ ቤቱ ቅጥር ስለማይወጣ እምብዛም አይወሳም። ሆኖም የገዛ ሥራውን ለሰው ጆሮ የሚያቀርብ ሰው ውዳሴ ፈላጊ መስሎ እንዳይታይ፥ ሰሚውም ሳይወድ የተጫኑበት መስሎት እንዳይሰለች አባቶች ያበጁት መላ የሚገኘው ከዚሁ ከሁለተኛው ልመና ውስጥ ነው።

ከዋሸራና ከጎንጅ፥ ከዲማ ጊዮርጊስና ከዋድላ የተነሡት ስመ ጥር የቅኔ ቤቶች በአነጋገር ጠባይና በምሥጢር አካሄድ ይለያዩ እንጂ፥ የዕለት ሥርዐታቸው ከሞላ ጎደል አንድ ነበር። መምህሩ ግሱን ከነርባው፥ አገባቡን ከነምሳሌው ካስረዳ፥ ቅኔም ዘርፎ ሰሙን ከወርቁ ለይቶ ከፈታ በኋላ፥ ተማሪው ከጓደኞቹ ተለይቶ፥ ወደ ዱር ወይም ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ዐጸድ ገብቶ፥ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ፥ ቃል ከቃል ሲያዋድድ፥ ቤት ሲያስመታ፥ ያበጀውን ሲያፈርስ፥ ያፈረሰውን ሲያድስ ይውላል፤ ይህም ቆጠራ ይባላል። ከቆጠራው በኋላ ነው ተመልሶ የሚነግረው። እንግዲህ ነገራው የሚመጣው ከብቸኝነቱ ቀጥሎ ነው፤ በራሱ ጆሮ ደጋግሞ ያልፈተነውን፥ ጉድለቱን ራሱ ሊያገኘው ይችል የነበረውን ጥሬ ነገር ይዞ የመምህሩን ጆሮ ማድከም ነውር ነበርና። እኔ እንደሚመስለኝ ከሥርዐቱ ሁሉ ጥበብ ያለበት ክፍል ይህ ነው፤ ፍርድ ለማኙ አስቀድሞ የራሱን ድካም ይከፍላል፥ ሰሚውም የሚከፍለው ከዚያ የተረፈውን ብቻ ነው።

ተማሪው በበዛበት ጉባኤ የኔታ የሁሉን ለመስማት ጊዜ አይበቃቸውምና፥ ጀማሪው የሚቀርበው ወደ አስነጋሪው ነበር። አስነጋሪው ራሱ ገና ያልተመረቀ፥ ነገር ግን በትምህርቱ ቀደም ያለ ተማሪ ስለ ሆነ፥ ትናንት የሠራውን ስሕተት ዛሬ በታናሹ አፍ ሲሰማው ለማወቅ አይቸገርም። የሚነገረውም ነገር እንደ ተናጋሪው ዐቅም የተለካ ነበር፤ ባለ 2 ቤቱን ጉባኤ ቃና ያላጸና ባለ 3 ቤቱን ዘአምላኪየ አይደፍርም፥ እንዲህ እንዲህ እያለ በዋዜማውና በሥላሴው በኩል አልፎ ባለ 8 ቤቱ መወድስ ይደርሳል። 2 ቤት ለመስማት እስትንፋስ ያህል ጊዜ ይበቃል፤ 8 ቤት ግን አሳብን ሰብስቦ መቀመጥን ይጠይቃል፥ ይህንንም ከሰው ለመጠየቅ የሚችለው በ2ቱ ቤት የታመነ ብቻ ነው።

ሲነገር ቤቱ ያልመታ፥ ግሱ የተሳተ፥ ሰሙ ከወርቁ ያልገጠመ ሆኖ ሲገኝ እዚያው ያርሙታል፤ አንዳንዱን አንድ ቃል ለውጠው ያቃኑለታል፥ አንዳንዱን ግን እንደ ገና ቆጥሮ እንዲመጣ ይመልሱታል። በዚህ ጊዜ «እኔ እኮ እንዲህ ለማለት ነው» ማለት ብዙም አይረዳም፤ ሰምና ወርቁ ያለ ፈቺ ካልተያያዘ በማብራሪያ የሚጠገን ቅኔ የለምና። የባልንጀራን ቅኔ የራስ አስመስሎ መንገር ደግሞ ከሁሉ የከፋ ውርደት ነበር፤ ቅኔ ለዕለቱ የሚደረስ፥ አንድ ጊዜ ተብሎ የሚያበቃ ስለ ሆነ፥ ትናንት የተሰማው ዛሬ ቢመለስ እንኳ ሊቃውንቱ ቶሎ ያውቁት ነበር።

ያማረ ሲነገር ከጉባኤው «ይበል!» የሚል ድምፅ ይነሣል። ይህችን ቃል የሚለምናት የለም፥ ሊለምናትም አይገባም፤ ወዳጁን አዘጋጅቶ ያስባላት እንደ ሆነ ዝም ካሉት ሊቃውንት ፊት ይታወቅበታል። ነገሩን አጥብቄ የምናገረው፥ ምስጋና ፍለጋና እርማት ፍለጋ ሁለቱም በአንድ አፍ ስለሚወጡ ከውጭ ለመለየት አስቸጋሪ በመሆናቸው ነው። ቅኔ ቤት የለያቸው በቃል ትሕትና አይደለም፤ ትሕትናን ማንም ሊያስመስል ይችላል። የለያቸው በሰዓት፥ በተራ፥ በመጠንና ሰምቶ በማሰማት ነው። ለሰው ቅኔ ጆሮውን ያልሰጠ ተማሪ ለራሱ ጆሮ የሚያበድረው አያገኝም።

ዳኝነቱም የጆሮ ዳኝነት ስለ ነበር፥ ዓይን የግድ አያስፈልገውም ነበር። በጎጃም ጽላሎ ያስተምሩ የነበሩት እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ በልጅነታቸው የዓይናቸውን ብርሃን ቢያጡም፥ ከአባታቸው የተማሩትን ቅኔ ለብዙ ደቀ መዛሙርት አስተላልፈዋል፤ በእርሳቸው ፊት የቀረበ ተማሪ ያማረ ብራናም ሆነ ያማረ ልብስ ሊረዳው አይችልም፥ የሚያቀርበው ድምፁንና ቃሉን ብቻ ነው።

ሥርዐቱ ከቅኔ ቤት ሲወጣ ግን ሁልጊዜ አልጸናም። በማኅሌት ውስጥ እያንዳንዱ ቅኔ የታወቀ ስፍራ ስላለው፥ ያለ ቦታውና ያለ ተራው የሚገባ ደብተራ ራሱን ያጋልጣል፤ በመኳንንት አዳራሽ ግን እንዲህ ያለ አጥር አልነበረም። ሽልማት የለመደ ባለ ቅኔ፥ የጌታውን ስም በወርቁ ውስጥ ሸሽጎ፥ አንዳንዴም ሳይሸሽግ፥ ግብር በተበላ ቁጥር ሊነሣ ይችላል፤ ከዚያ የሚሻው ካባ እንጂ እርማት አይደለም። በዚህ ዐይነቱ ላይ መፍረድ ቀላል ነው፤ ሆኖም ሊቁ ደመወዝ በሌለበት ዘመን ምን ይበላ ነበር የሚለውን ጥያቄ ለፈራጁ እተወዋለሁ።

ማተሚያ ቤት ሲመጣ ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። በ1918 ዓ.ም. ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ የቀደሙትንና የኋለኞቹን ሊቃውንት ቅኔ ሰብስበው ባሳተሙ ጊዜ፥ ለዕለቱ ብቻ ተብሎ ያልፍ የነበረው ነገር ለማያውቁት አንባቢ ቀረበ፤ አንባቢም እንደ የኔታ በመካከል አቁሞ «ይህን ቃል መልሰው» ሊል አይችልም። የታተመ ስሕተት ከተነገረ ስሕተት ይልቅ ዕድሜው ረጅም ነውና፥ የቅኔ ቤት ልማድ በደማቸው የነበረ ሰዎች ሥራቸውን ወደ ማተሚያ ለመስደድ የዘገዩት በስንፍና አልነበረም። መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ የጀመሩትን የግእዝ መዝገበ ቃላት ደቀ መዝሙራቸው አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ተቀብለው ዕድሜያቸውን በማረምና በማስፋት ጨረሱት፤ እርሳቸውም ሳያሳትሙት ቢያርፉ አለቃ ደስታ ተክለ ወልድ አደራውን ተረክበው በ1948 ዓ.ም. መጽሐፈ ሰዋስው ወግስ ወመዝገበ ቃላት ሐዲስ በሚል ስም አወጡት፥ ስሙንም ለመምህራቸው ተዉላቸው።